ስለ ቅሬያችን ታፔላ

ደሴ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እናታችንስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከሦስት ዓመት በላይ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ በድንገት ስጽፍልህ ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ ብትልም አይፈረድብህም። አባትህ አዲስ አበባ ላይ ሲያርፉ ለቅሶ አልደረስኩም። በመካከላችን ያለው 400 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፤ መንገዱ ክፍት ነበር፤ አውቶቡስም ነበር። ሠልስቱ አለፈኝና ለአርባው እደርሳለሁ አልኩ፤ አርባውም ሲያልፈኝ አፈርኩ፤ እፍረቱ እየከረመ ሲሄድ ስልክ ማንሳቱ ራሱ ከበደኝ። ይቅር በለኝ። ከዚህ በላይ ብጽፍ ራሴን ለማጽደቅ ይመስላልና እዚህ ላይ ልተወው።

የጻፍኩልህ ስለ ታፔላው ነው።

የቅሬያችን፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው የመረዳጃ ማኅበራችን፣ ታፔላ ባለፈው ክረምት ነፋስ ግራ ጎኑን ነቅሎት ሁለት ቀን በአንድ ሚስማር ተንጠልጥሎ ከረመና አወረድነው። በዚሁ ዓመት የቅሬው ጸሐፊ አድርገው ስለመረጡኝ አዲስ የማሠራቱ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። ወጣቶቹ የኮሚቴ አባላት ከአንድ ማተሚያ ቤት ንድፍ አሠርተው አመጡልኝ። በነጭ ፕላስቲክ ላይ የሚታተም፣ ማታ ከውስጡ መብራት የሚበራለት ነው። በአንድ ጥግ የማን እንደሆኑ የማይታወቁ፣ ከኢንተርኔት የወረዱ ሁለት የተጨባበጡ እጆች አሉበት። ጽሑፉ «መረዳጃ ዕድር» ይላል። ቅሬ የሚለው ቃል የለም፤ የታችኛው መስመርም የለም። እኔም ይህን ሁሉ ሳላስተውል ፈርሜ ቀብዱን ከፈልኩ። ይህን የምነግርህ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው።

ማታ ቤት ገብቼ አሮጌውን ታፔላ ሳይ ነው የደነገጥኩት። ከጓዳው አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስተኛሁትና አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁለት። የላይኛው መስመር ላይ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቶ ነበርና በጥፍሬ ቀስ ብዬ ገለጥሁት። «ደቡብ ወሎ ዞን» ከሚለው ሥር በሰማያዊ «ወሎ ክፍለ ሀገር» የሚል ወጣ። ከእሱም ሥር፣ ላሜራው ብረቱ ሊታይ ሲል፣ በጥቁር «ጠቅላይ ግዛት» የሚል ጽሑፍ ጫፉ ብቅ አለ። አባትህ ለካ ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ ያንኑ አንድ ላሜራ ነው ሲያድሱት የኖሩት። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የላይኛውን መስመር ደልዘው አዲሱን ስም ይጽፉበታል። መካከል ላይ ያለውን «ቅሬ» ግን አንድም ጊዜ አልደለዙትም፤ ቀለሙ ሲደበዝዝ እዚያው በነበረበት መስመር ላይ ያደምቁት ነበር እንጂ። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ለወጣቶቹ ይህን ልነግራቸው ሞከርኩ። ክፉ ልጆች አይደሉም፤ ቀብር ላይ ጉድጓድ ለመቆፈር ከሁሉ ቀድመው የሚገኙት እነሱ ናቸው። የሚሉትም ነገር ጨርሶ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ቅሬ ሲባል ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ዕድር ቢባል ግን ሁሉም ያውቀዋል ይላሉ። እኔም ዕድር የሚለውን ቃል አልጠላውም፤ አንተም እዚያ በሰፈርህ የዕድር አባል መሆንህ አይቀርም። ነገር ግን ቅሬ በእኛ አገር የቀብር መዋጮ የሚሰበሰብበት ማኅበር ብቻ አይደለም። ገጠር ወጣ ብትል፣ ሰው ከሰው ሲጣላ የሚሸመግለው ቅሬ ነው፤ ቤቱ የተቃጠለበትን ቤቱን የሚያቆምለት፣ በሬ የሞተበትን የሚያርስለት ቅሬ ነው፤ አጥፍቶ አልታረምም ያለ ሰው ከቅሬ ይውጣ ከተባለ እሳት የሚያጭረው ጎረቤት አያገኝም። ወላጆቻችን ከየገጠሩ ወደ ደሴ ሲገቡ ይዘውት የመጡት ይህን ነው። ቃሉን ከታፔላው ላይ ብናነሣው ድንኳኑና ብረት ድስቱ ይቀሩልናል፤ ልጆቻችን ግን ያ ድንኳን ከየት እንደመጣ የሚነግራቸው ነገር በሰፈሩ ውስጥ አይኖርም። ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ የቅሬው ዳኛ ተቀመጥ አሉኝ።

አባትህ የዚህን ከተማ ሰው በታፔላ ሲጽፉት የኖሩ ሰው ናቸው። ይህን አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ፤ ሆኖም ሰሞኑን ከሰኞ ገበያ እስከ ፒያሳ በእግሬ ስመላለስ እንደገና አየሁት። አንዱ ሥጋ ቤት በራፉ ላይ መስቀል አለው፣ ሦስት ሱቅ አልፎ ያለው ደግሞ ጨረቃ፤ ሰዉም የየራሱን ለይቶ ይገባል፣ ሲወጣ በር ላይ ተገናኝቶ ሰላም ይባባላል። ለሠርግ ለየብቻ አርደን በአንድ ዳስ እንደምንቀመጠው ማለት ነው። አባትህ ሁለቱንም ይሥሉ ነበር፤ ለመስቀሉና ለጨረቃዋ ግን የተለያየ ብሩሽ ነበራቸው። ያን ጊዜ ለምን ብለን አልጠየቅናቸውም። አሁን ሳስበው የሰውን እምነት ማክበር ለእሳቸው ከብሩሹ ጠጉር ነበር የሚጀምረው። ከአባቴ ዘንድ እየመጡ አሊፍ፣ ባ፣ ታ ሲማሩስ ትዝ ይልሃል? ክርስቲያን ሆነው ሳለ የምግብ ቤቱን «ቢስሚላህ» ከቀኝ ወደ ግራ ሲጽፉ በኖራ የነከሩትን ሲባጎ ስበው ይለቁና መስመሩን ያሰምራሉ፤ አባቴም ከጎናቸው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነጥቧን እየተቆጣጠረ ቡናውን ይጠጣል። የወሎ መሻኢኾች የአማርኛ መንዙማቸውን በዐረብኛ ፊደል ሲጽፉ ኖረዋልና አባቴ አማርኛውም ዐረብኛውም የሁላችንም ነው ይላቸው ነበር። ዛሬም ወደ ከሚሴ ብትወርድ የሱቁ ስም በኦሮምኛና በአማርኛ ጎን ለጎን ተጽፎ ታገኘዋለህ፤ ሾፌሩ ሳይነግርህ የት እንደደረስክ ታፔላው ይነግርሃል። ታፔላ የሚለው ቃል ራሱ፣ ላሜራውም፣ ፒያሳውም ጣሊያን ትቶልን የሄደው ነው፤ ይዘን አስቀረነው፣ የራሳችንንም ነገር ጻፍንበት።

አሁን ወደ ታችኛው መስመር ልምጣ፤ ይህን ሁሉ ስዞር የቆየሁት እሱን ለመጻፍ ስለከበደኝ ነው።

«ለእንግዳም እንደርሳለን።»

ንድፉ ላይ የሌለው ይህ ነው። ወጣቶቹ «አሁን ይሄ ምን ያደርጋል፣ ለእንግዳ ደርሰን አናውቅም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እነሱ አላዩም። 1977 ዓ.ም. ሲሆን አልተወለዱም። አንተና እኔ ግን የአሥር ዓመት ልጆች ነበርን፣ በዓይናችን አይተናል። ከላስታ፣ ከዋግ፣ ከራያ እግሩ ያደረሰው ሰው በየመንገዱ ዳር ሲወድቅ፣ ቅሬው የወገን ሬሳ አንስቶ ሳይጨርስ ስሙ የማይታወቅ ሬሳ በራፉ ላይ ያድር ነበር። የቅሬው ሽማግሌዎች ያን ቀን እዛፉ ሥር ተሰብስበው መዋጮ ያልከፈለን ሰው እንቅበር ወይስ አንቅበር ብለው ሲመክሩ እኔ አባቴ ጉልበት ሥር ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ያደረጉትንም አስታውሳለሁ። አንገቱ ላይ ማተብ የተገኘበትን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱት፤ እጁ ላይ ሙስባሃ የተገኘበትን ወደ እኛ መቃብር ወሰዱት። አንዲት እናት ግን ምንም አልተገኘባትም። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው ጥቂት ሽምብራ ብቻ ነበር። አባትህና አባቴ ከበላይዋ ቆመው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ኋላ ሁለቱም በየሃይማኖታቸው ጸለዩላትና ካንድ ወገን አፈር ቆፍረው ቀበሯት። የት እንደቀበሯት ለማንም አልተናገሩም፤ እኔም አልጽፈውም።

በነጋታው ቅዳሜ አባትህ መሰላሉን ተሸክመው መጡ። አንተ ጣሳውን ያዝክ፣ እኔ መሰላሉን ደገፍኩ። ማንም ጻፉ አላላቸውም ነበር፤ በዳኛ ያልታዘዘ ነገር ሲጽፉ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። «ለእንግዳም እንደር» ድረስ ጻፉና ወርደው ብሩሹን ለአንተ ሰጡህ። «ይህችን አንተ ጻፋት» አሉህ። «ሳ»ን ጻፍካት። እጅህ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር ዘንበል አለች፤ እሳቸውም ሳያቃኗት «ለን»ን ጨመሩና ጨረሱ። እስከ ዛሬ ከጓደኞቿ ተለይታ ወደ ቀኝ አጋድላ ቆማለች። ሰፈሩ ሁሉ የሠዓሊው ልጅ ሳ ይላት እንደነበረና አንተ ስትናደድ ምን ያህል እንደምስቅብህ አልረሳህም መቼም።

ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አዳራሽ «አይጠየፍ» ባሉት ከተማ ውስጥ ተወልጄ፣ በዚያች ቅዳሜ መሰላል ይዤ፣ ይህን መስመር በገዛ እጄ ላስፋቀው እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። እሳቸው ራሳቸው መሐመድ አሊ ተብለው ተወልደው ሚካኤል ተብለው ነግሠዋልና ለማን እንደማይጠየፉ ያውቁ ነበር። እኛስ? በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ከተማችን በገባ ጊዜ፣ እንግዳ ሆነን በሰው አገር የተበተንን ስንቶች ነን? እኔ ከነቤተሰቤ ሦስት ሳምንት ማንነታችንን ባልጠየቁን ሰዎች ቤት አድረናል። ስንመለስ ታፔላው ላይ፣ ከ«እንግዳም» «ግ» ጎን፣ የጥይት ቀዳዳ ነበረ። ወጣቶቹ ላሜራው ተበስቷል፣ ዝናብ ገብቶበት ዝጓል፣ ቁራሌው ይውሰደው ይላሉ። እኔ ቀዳዳው እንዲደፈንም አልፈልግም።

በሚቀጥለው ወር የመጨረሻ እሑድ ጠቅላላ ስብሰባ አለን። የማተሚያ ቤቱን ቀብድ ከኪሴ እንደምተካው ለዳኛው ነግሬያቸዋለሁ። አሮጌው ላሜራ እንዲታደስ፣ የላይኛው መስመር የዛሬውን ስም እንዲይዝ፣ ማታ የሚታይ መብራትም ከላይ እንዲደረግለት ሐሳብ አቀርባለሁ፤ መብራቱን የጨመርኩት ወጣቶቹ ማታ ድንኳን ሊዋስ የመጣ ሰው ቤቱን አያገኘውም ያሉት ትክክል ስለሆነ ነው። አዛውንቶቹ ከእኔ ጋር ናቸው። የጎደለኝ የሚጽፈው እጅ ነው። ከተማው ውስጥ በብሩሽ የሚጽፍ ሰው ፈልጌ አንድ ብቻ አገኘሁ፤ ፊደሉ ግን የአባትህ አይደለም። የእሳቸው «ቅ» እግሯ ረዘም ብላ ጫፏ ላይ እንደ ጀበና አፍ ትገለበጣለች፤ ያችን ሊያወጣት አልቻለም።

ከካርቶን ቆርጠው ያስቀመጧቸው ፊደሎች በእጅህ ይኖሩ ይሆን? ሲታመሙ ወደ አንተ ስትወስዳቸው ያቺን የእንጨት ሣጥን መኪናው ላይ ስትጭን አይቻለሁ። ካሉህ «ቅ»ን እና «ሬ»ን ብቻ በወረቀት ላይ አስምረህ በአውቶቡስ ላክልኝ። ከዚህ የበለጠ ልጠይቅህ አፌ አይደፍርም፤ ግን ልጻፈው። ብትመጣ ደግሞ... ቅሬው ጥሩንባ አስነፍቶ እንደ ደንቡ ሊቀብራቸው ሲገባ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስሙን የጻፉለት ቅሬ አፈር ሳያለብሳቸው ቀርቷል። ዳኛው ልጁ ከመጣ ዳስ ጥለን እናስተዛዝነዋለን ብለዋል። እኔም ያን ቀን ከፊትህ ቆሜ ለቅሶዬን እደርሳለሁ።

ላሜራው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አልጋዬ ሥር ነው። እስከምትመልስልኝ ድረስ የታችኛውን መስመር ማንም አይነካውም። ብቻ አንድ ነገር ንገረኝ፤ ብትመጣ «ሳ»ን እንደነበረች ዘንበል አድርገህ ታደምቃታለህ ወይስ ታቃናታለህ?

ወንድምህ፣
መሰላል ያዡ