ወረቀት ለሌለው መጽሐፍ የአርትዖት ክፍያ ለምን?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ረቂቅ ይዛችሁ ከመጣችሁ ደራስያን ብዙዎቻችሁ ያነሣችሁልን ጥያቄ አንድ ነው፤ «መጽሐፉ በስልክ ነው የሚነበበው። ወረቀት የለ፣ ማተሚያ ቤት የለ፤ ታዲያ የአርትዖቱ ክፍያ ለምን አይቀንስም?» ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ለሁላችሁም በጽሑፍ መመለስ ፈለግን።

የወረቀትና የኅትመት ወጪ በየቅጂው ይቆጠራል። የአርትዖት ወጪ ግን ለአንድ መጽሐፍ አንዴ ይወጣል፤ አንባቢው አንድ ሰው ቢሆንም አሥር ሺሕ ቢሆንም ያው ነው። ለምሳሌ ለአርታኢ፣ ለአራሚ፣ ለሽፋንና ለገጽ አቀማመጥ 60,000 ብር ወጣ እንበል። 1,000 ቅጂ ከተሸጠ በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው 60 ብር ነው፤ 200 ብቻ ከተሸጠ ግን 300 ብር ይደርሳል። የወረቀቱ መቅረት ይህን ስሌት አይለውጠውም።

እንዲያውም ለስልክ የሚዘጋጅ መጽሐፍ የራሱን ሥራ ይጨምራል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ ፊደላትን በሚያውቅበት የጋራ የኮድ ሥርዓት ውስጥ) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ ዛሬም ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተተየቡ ረቂቆች ይመጡልናል። ስልክ ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ይታያል። በመቀየሪያ ፕሮግራም ካለፉ በኋላም ሰው ቁጭ ብሎ ከዋናው ጋር ማመሳከር አለበት። አራት ነጥቡን ደግሞ ብዙ ጸሐፊ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት ይሠራዋል፤ ከፊቱ ክፍት ቦታ ካለ በጠባቡ የስልክ ገጽ ላይ ብቻውን ወርዶ የቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። አንዱ ምዕራፍ ላይ «ፀሐይ»፣ ሌላው ላይ «ጸሀይ» ተብሎ ከተጻፈም መፈለጊያው በአብዛኛው እንደ ሁለት የተለያዩ ቃላት ስለሚያያቸው አንባቢው የፈለገውን ገጽ ያጣዋል።

ከባዱ ሥራ ግን ይህ አይደለም። ታሪክ ነክ ረቂቆች ላይ የዓድዋ ድል «በ1896 ዓ.ም.» ተብሎ እናገኛለን። ድሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ 1896 የፈረንጆቹ ቁጥር ነው። ደራሲው ከውጭ ምንጭ ሲገለብጥ የዘመን አቆጣጠሩን ሳይቀይር አልፎታል። አንዱ እንዲህ ከተገኘ አርታኢው በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ዓመተ ምሕረት ሁሉ አንድ በአንድ ማጣራት ይኖርበታል። በዚህ ሥራ ላይ ጊዜ መቆጠብ አንፈልግም፤ አንባቢ ያመነን በዚህ ነውና።

ኪንድልን (የአማዞንን የዲጂታል መጽሐፍ መሸጫ) የመሰሉ መድረኮች መጽሐፉን ደራሲው ራሱ እንዲጭን ይፈቅዳሉ፤ ለምሳሌ ኪንድል ከሽያጩ 35 ወይም 70 በመቶ ይሰጠዋል። መንገዱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ረቂቁን የሚያርመው መድረኩ አይደለም፤ የአርታኢው ክፍያ ከደራሲው ኪስ ይወጣል። ከእኛ ጋር ስትሠሩ ውሉን፣ የአይኤስቢኤን ቁጥር (የመጽሐፉን ዓለም አቀፍ መለያ) ከወመዘክር (ከብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ማውጣቱንና የሽያጭ ሒሳቡን እኛ እንይዘዋለን። መጽሐፋችሁ ያለፈቃድ በቴሌግራም ሲሠራጭ ስናገኝ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት እንዲወርድ እንጠይቃለን። ሁልጊዜ ይሳካል ብለን ቃል አንገባም፤ አንዱ ቻናል ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል፤ ክትትሉም የሰው ጊዜ ይበላል።

ስለዚህ «እንዳለ ጫኑልኝ» የሚል ጥያቄ አንቀበልም። ረቂቃችሁ በሌላ ባለሙያ ታርሞ ከመጣ ግን የምናስከፍለው የመጨረሻውን ንባብና የስልክ ቅርጽ ዝግጅቱን ብቻ ነው። ክፍያው ከበዛባችሁ በሦስት ጊዜ መክፈል ትችላላችሁ። ከውል በፊት የመጀመሪያውን ምዕራፍ ላኩልን፤ ጥቂት ገጾች በነፃ አርመን፣ እርማቱ በቀለም ተለይቶ እየታየ እንመልስላችኋለን። አይታችሁ ወስኑ።

ከአክብሮት ጋር
የአርትዖት ክፍል