“የማይወድ” የምትለዋን ቃል መልሱልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት በቤተ ክርስቲያን ደጆች ስለሚለምኑ ሰዎች ያወጣችሁትን ዘገባ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ጽሑፉ ላይ አልነበረም፣ ፎቶው ላይ ነው። ጣት የሌላቸው ሁለት እጆች ወደ ካሜራው ተዘርግተዋል። ከላያቸው በትልልቅ ፊደል “የማይሠራ አይብላ” ተብሏል። የእናቴ እጆች መስለውኝ ደነገጥኩ። ስልኩን አስጠግቼ አየሁ፤ የሷ አይደሉም። እሷ የግራ እጇ አውራ ጣት ተርፎላታል።

ያደግኩት ዘነበወርቅ ነው፣ አለርት ሆስፒታል አካባቢ። የሰፈራችንን ታሪክ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከየክፍለ ሀገሩ ለሥጋ ደዌ ሕክምና የመጡ ሰዎች ድነው መመለሻ ሲያጡ እዚያው ጎጆ ቀልሰው የቀሩበት ሰፈር ነው። እናቴም በ1970ዎቹ መጨረሻ ከቢቸና የመጣችው ለዚሁ ነው። ዘገባችሁ ውስጥ “ሥጋ ደዌ” የሚል ቃል ፈለግኩ። የለም፣ አንድም ቦታ የለም! ፎቶው የኛ ነው። ርዕሱ በኛ ላይ ነው። ጽሑፉ ውስጥ ግን እኛ የለንም።

አሁን ወደ ርዕሱ ልምጣ። “መጽሐፍ ቅዱስ እንደሚለው” ብላችሁ ነው የጀመራችሁት። መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ አይልም። ሁለተኛ ተሰሎንቄ ምዕራፍ 3 ቁጥር 10ን ግለጡ። “ሊሠራ የማይወድ አይብላ” ነው የሚለው። “የማይወድ” የምትለዋን ቃል ጣላችኋት። ትንሽ ነገር እንዳትመስላችሁ። “የማይሠራ” ካላችሁ አልጋ ላይ የዋለችው አሮጊትም አለችበት፣ ዓይነ ስውሩም አለበት፣ የሚጠባ ሕፃንም አለበት። “የማይወድ” ካላችሁ ግን ፍርዱን ከመስጠታችሁ በፊት ሰውየውን መጠየቅ ግድ ይሆንባችኋል። መሥራት ትወዳለህ ወይ? ሞክረህ ነበር ወይ? ምን ገጠመህ? ጋዜጠኛችሁ ሁለት ገጽ ሙሉ ሲጽፍ ከለማኞቹ አንዱን እንኳ ይህን አልጠየቀም። ያነጋገረው አላፊ አግዳሚውን ነው።

ደግሞ ጳውሎስ ይህን የጻፈው ለማን ነው? ቀጣዩን ቁጥር አንብቡት። ሥራ ከቶ ሳይሠሩ በሰው ነገር እየገቡ ስለሚዞሩ ሰዎች ነው የሚናገረው። ጤነኞች ናቸው፣ መሥራት ይችላሉ፣ ግን አልፈለጉም። እሱ ራሱ ድንኳን እየሰፋ የሚያድር ሰው ነበር፣ ማንም ላይ ሸክም ላለመሆን ሌት ተቀን እንደደከመ እዚያው ይነግራቸዋል። ይኸው ሰው ግን በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች ገንዘብ እያሰባሰበ አገር ላገር ዞሯል። ሦስት ቁጥር ወረድ ብሎ ደግሞ መልካም ሥራን ለመሥራት አትታክቱ ይላል። እሱን ለምን ርዕስ አላደረጋችሁትም?

እስቲ እናቴ መሥራት ትወድ እንደነበር ልንገራችሁ።

እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ እንጀራ ትሸጥ ነበር። ሌሊት ተነስታ ትጋግራለች፣ እኔ ለደንበኞቿ አደርሳለሁ። እንጀራዋ ዓይናማ ነው፣ ይወደድላት ነበር። ደንበኞቿ ሰፈራችንን አልፎ ያሉ ሰዎች ናቸው፣ እጇን አላዩም። አንድ ቀን አንዲት ሴት ተከትላኝ መጥታ እናቴን አየቻት። ምንም አላለችም። በማግስቱ ጠዋት በራችንን ስንከፍት የወሰደችው እንጀራ በሙሉ ከነሰፌዱ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። አላንኳኳችም። በዚያው ሳምንት ሌሎቹም ቀሩ። የተመለሰውን እንጀራ ድርቆሽ አድርገን እኛው በላነው።

ከዚያ ጥጥ ፈተለች። እስቲ ያለ ጣት እንዝርት አሽከርክሩ! ጥጡን በጥርሷ እየያዘች፣ እንዝርቱን በመዳፏ ጭኗ ላይ እያንከባለለች ፈተለች። አንድ ልቃቂት ለመጨረስ ሌላው ሰው በግማሽ ቀን የሚሠራውን አራት ቀን ይፈጅባታል። ገበያ ይዘን ሄድን። ሸማኔው ፈትሉን ተቀብሎ አገላበጠና ጥሩ ነው አለ። ሒሳቡን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ አያት። ልቃቂቱን መልሶ ዘንቢላችን ውስጥ ወረወረው። ደጀ ሰላም የተቀመጠችው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሄደችበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ነበር።

ማቴዎስ ምዕራፍ 20 ላይ የወይን አትክልቱ ባለቤት ወደ ማታ ገበያ ወጥቶ የቆሙ ሰዎች ያገኛል። ሥራ ፈታችሁ ቀኑን ሙሉ እዚህ ለምን ትቆማላችሁ ብሎ ጠየቃቸው። መልሳቸው “የሚቀጥረን ስለ አጣን ነው” የሚል ነበር። ልብ በሉ፣ ጠየቀ። መልሳቸውን ሰምቶ ወደ ሥራ ላካቸው፣ ሲመሽም ጠዋት ከገቡት እኩል ከፈላቸው። የእናቴም መልስ ይኸው ነበር። የሚጠይቃት ነው የጠፋው።

ዘገባው ሁሉ ውሸት ነው አላልኩም። ልጅ ተከራይቶ የሚለምን አለ፣ ቁስል አስመስሎ የሚቀመጥም አለ። እኛም እናውቃቸዋለን፣ ከናንተ በላይ የሚጎዱት እኛን ነው። ስለነሱ መጻፍ መብታችሁ ነው። ግን ታዲያ የነሱን ፎቶ አውጡ።

ብዙ ሰው በሽታው ጣትን በልቶ የሚጥል ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ሥጋ ደዌ ነርቭን ነው የሚጎዳው፣ የሕመም ስሜትን ይገድላል። ሰውየው ይቃጠላል አያውቅም፣ ይቆስላል አያውቅም፣ ቁስሉ እየከፋ ይሄዳል፣ ጣት በዚያ ያልቃል። አንድ ጠዋት ሽታ ሸቶኝ ዞር ስል የእናቴ እጅ የጋለው ምጣድ ጠርዝ ላይ ነበር። እሷ እያወራችኝ ትስቃለች። በሽታው በዘር የሚተላለፍ እርግማን አይደለም፣ በባክቴሪያ የሚመጣ ነው፣ እሱም ቶሎ የሚይዝ አይደለም። ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል፣ መድኃኒቱም በነጻ ነው። እናቴ ከዳነች 30 ዓመት አልፏታል። የሄዱት ጣቶች ግን አይመለሱም፣ ሰውም ጣቱን እንጂ መዳኗን አያይም። ትምህርት ቤት “የቆማጣ ልጅ” እየተባልኩ ነው ያደግኩት፣ አጠገቤ የሚቀመጥ አልነበረም። ያንን ስድብ ረስቼው ነበር ማለት ይቻላል። የናንተ ፎቶ ሥር የተጻፉትን አስተያየቶች ሳነብ ግን አንድ በአንድ አገኘሁት።

ቅዱስ ቃሉን ለአደባባይ ጉዳይ ማዋል ጥሩ ነው፣ እኔም እንዲዋል እፈልጋለሁ። እንግዲያው ማርቆስ ምዕራፍ 1 ላይ ያለውንም አውሉት። ለምጻሙ ሰው ተንበርክኮ “ብትወድስ ልታነጻኝ ትችላለህ” አለው። ጌታ በቃሉ ብቻ ሊያነጻው ይችል ነበር። እሱ ግን እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው። ማንም የማይነካውን ሰው ነካው። “እወድዳለሁ” ያለው እየነካው ነው።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። ርዕሱን አርሙ፣ የጣላችሁትን ቃል መልሱ፣ እርማቱም ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ በዚያው ፊደል መጠን ይውጣ። ፎቶውን አንሱት፣ ወይም የማን እጅ እንደሆነ ጠይቃችሁ ታሪኩን ከነስሙ፣ ከፈቀደ፣ ጻፉት።

ጋዜጠኛችሁም እኛ ቤት ይምጣ። ከልቤ ነው የምጋብዘው። እናቴ አሁን አትለምንም፣ እኔ ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ቤት ናት። መጽሐፉን ላነብላት ስቀመጥ “እስቲ ያቺን ‘የማይወድ’ የምትለዋን ድገሚልኝ” ትለኛለች። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሁልጊዜ እንገኛለን። ጓንት አጥልቃ በኤሌክትሪክ ምጣድ ዛሬም የምትጋግረው እሷ ናት። ምሳ ሰዓት ላይ ይድረስ፣ እንጀራው የሷ ነው።

ከዘነበወርቅ፣ አዲስ አበባ