ከምሳ የተረፈው ሩዝ

ሐረር፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደዱ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ልጆቹም ጉልበትዎን ይስማሉ። ከትናንት በስቲያ ስለ ሩዙ በስልክ ስነግርዎ መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹ ሳይሰማዎት ቀረ፤ «ጻፊውና ላኪልኝ፣ መነጽሬን አድርጌ ቀስ ብዬ አነበዋለሁ» ባሉኝ መሠረት ፊደሉን ጎላ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ደብዳቤውን ነገ ጠዋት ወደ ድሬ የሚወርደው የጎረቤታችን ልጅ ያደርስልዎታል።

አባባ፣ በፋሲካ ማግስት እርስዎ ዘንድ ባደርኩበት ምሽት ያየሁት ነገር ከልቤ አልወጣም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ወጥ ቤት ስገባ የቀትሩ ሩዝ በሌላ ሳህን እንደተከደነ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ክዳኑን ሳነሣው ውስጡ አልቦታል፤ ሩዙ ዳር ዳሩ ደርቋል፣ መሐሉ ግን ገና ለብ እንዳለ ነው። እርስዎ ደግሞ ቁራሽ ዳቦ በሻይ አርሰው በልተው «ለአንድ ሰው ተብሎ ምድጃ አይለኮስም» ብለው ሊተኙ ነበር። ሐኪሙ ክብደትዎ መቀነሱን ነግሮ እንቁላልና ወተት እንዲያዘወትሩ የመከረዎት ከዚያ ጥቂት ሳምንታት በፊት ነው። ስለዚህ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ፣ ከተረፈው ሩዝ የሚሠራ፣ ጥርስ የማይጠይቅ ጣፋጭ እራት እንዴት እንደሚጋገር ልጽፍልዎ ቆርጫለሁ።

እማዬ፣ ነፍሷን በገነት ያኑርልንና፣ ይህንኑ ሩዝ በወተት የምትጋግረው በዚያ በትልቁ ትሪ ነበር። ከላይ የሚቀላውን ስስ ቆዳ ለማግኘት ስድስት ልጆች በአራት ማዕዘን ስንጋፋ ትዝ ይለኛል፤ ማዕዘኑ ከመሐሉ ይልቅ ስለሚቀላ ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነበር። እጇ ሚዛኗ ስለነበር ልኩን በወረቀት አላስቀረችልንም። እኔም የእርሷን ትሪ ለስምንት ባካፍለው ይሆናል ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ሆኖም ትንሽ ዕቃ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ይደርቃል፤ ስለዚህ ማካፈሉ ብቻ አልበቃም፣ ልኩንም ጊዜውንም እንደገና መፈለግ ነበረብኝ። በልጅነትዎ ከዚራ ሰፈር ጎረቤት የነበሩት ግሪኮች ሩዝ በወተት አብስለው ቀረፋ እየነሰነሱ በየሳህኑ ያቀርቡ እንደነበር አጫውተውኛል። ቱርኮች ደግሞ በየሰዉ ትንሽ የሸክላ ሳህን ለይተው፣ ላዩ እስኪጠቁር በምድጃ ይጋግሩታል። በአንድ ሰው ልክ መሥራት እንግዲህ የብቸኝነት ምልክት አይደለም፤ ምግቡ ራሱ በብዙ አገር የሚወደው እንደዚያ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ስለ ሩዙ አቀማመጥ የምለውን አደራ ይስሙኝ። ጥሬ ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ተሕዋስ ዘር ይኖራል፤ ይህ ዘር በመፍላት አይሞትም። ሩዙ ተቀቅሎ በሞቀበት ሲቆይ ዘሩ ነቅቶ ይራባል፣ የሚያስመልስ መርዝም ይተዋል፤ መርዙ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ መልሶ ማሞቅ አያጠፋውም። በደጋ አገር እንኳን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነገር፣ በድሬ የሚያዝያ ሙቀት ከቀትር እስከ ምሽት ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ ከቶ አይገባም። ያን ዕለት ሩዙን የደፋሁት ስለዚህ ነው፤ ምግብ ሲደፋ እንደማይወዱ አውቃለሁና ሳልነግርዎ በመድፋቴ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ከእንግዲህ ምግብ የምትሠራልዎት ሴት ሩዙ እንደወጣ ሽንኩርትና ቅመም ሳይነካው ሦስት የተቆለለ የሾርባ ማንኪያ ታስቀርልዎት፤ በዝርግ ሳህን ላይ ስስ አድርጋ ትበትነው፤ እንፋሎቱ እንደወጣለት፣ ቢዘገይ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ከድና ማቀዝቀዣ ውስጥ ታስገባው። በዚያው ምሽት ወይም በማግስቱ ይሥሩበት፤ ከዚያ ካለፈ ይቅር። ጨው ቢኖረው ግድ የለም፣ ጣፋጩን ያጎላዋል፤ የወጥ መረቅ የነካው ግን አይሆንም።

ሌላው የሚያስፈልግዎ አንድ እንቁላል፣ አሥር የሾርባ ማንኪያ ወተት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ከደብዳቤው ጋር የላክሁልዎትን የሸክላ ጣባ የሚቀቡበት ጥቂት የገበታ ቅቤ፣ የአንድ ፍሬ ሄል ዱቄት እና ትንሽ ቀረፋ ነው። ወተቱ በግምትም ይሁን በመለኪያ 150 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከላሚቱ የመጣ ከሆነ አስቀድሞ የፈላ ይሁን፤ የዱቄት ወተት በውኃ በጥብጠው ቢጠቀሙም ጣዕሙ አይጎዳም። ዘቢብ ከወደዱ አንድ የሻይ ማንኪያ፤ ከቀፊራ ገበያ ቴምር ሲመጣልዎት ደግሞ ሁለት ፍሬ አድቅቀው ከትፈው ስኳሩን በግማሽ ይቀንሱ። እኔ የብርቱካን ልጣጭ ፍቄ ጥቂት እጨምርበታለሁ፤ እማዬ አታደርገውም ነበር፤ ነገር ግን የእንቁላሉን ሽታ ስለሚያጠፋው አልተውኩትም።

ሩዝ ሲቀዘቅዝ ፍሬው ይጠነክራል፤ በተለይ ረጅሙና ቀጭኑ ሩዝ። በቀጥታ ቢጋገር ጥንካሬው እንዳለ ይቀራል፣ ለድድዎም ይቆረቁራል። ስለዚህ መጀመሪያ ሩዙንና ወተቱን በትንሽ ድስት በለስላሳ እሳት ላይ አሥር ደቂቃ ያህል እያማሰሉ ያቆዩት። አንድ ፍሬ አውጥተው በሁለት ጣትዎ ሲጫኑት ያለ ትግል ከፈረሰ በቅቶታል። ከእሳት አውርደው ጣትዎ እስኪችለው ድረስ ያብርዱት። እንቁላሉንና ስኳሩን በሹካ ሲመቱ አረፋ እንዲያወጣ አይድከሙ፤ ነጩና አስኳሉ አንድ ከሆነ ይበቃል። ከዚያ የሞቀውን ወተት በእንቁላሉ ላይ በጥቂት በጥቂቱ እያማሰሉ ያፍስሱት። በአንድ ጊዜ ከተደፋ፣ ወይም በጣም ከጋለ፣ እንቁላሉ እዚያው ይበስልና እንደ ፍርፍር ይበታተናል። ሄሉን ጨምረው በቅቤ በተቀባው ጣባ ይገልብጡት፤ ከጠርዙ አንድ ጣት ያህል ይጉደል።

ቀጥሎ ያለውን ከማንም በላይ እርስዎ የሚረዱት ይመስለኛል። በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ዕድሜዎን ሙሉ ያሳለፉት ሙቀትን በውኃ ሲቆጣጠሩ ነውና። ጣባውን እንዳለ ኦቭን ውስጥ አያስገቡት፤ ጠርዙ ከፍ ባለ ሌላ ትሪ ውስጥ ያኑሩትና የሞቀ ውኃ እስከ ጣባው ግማሽ ድረስ ይጨምሩ። ውኃው የሞተሩን ዙሪያ እየዞረ ሙቀቱን እንደሚጠብቀው ሁሉ፣ ይህም ውኃ ጣባውን ከመጠን በላይ እንዳይግል ይይዘዋል። እንቁላልና ወተት ተደባልቀው የሚረጉት ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ብዙ ካለፈ ይቋጠርና ውኃውን ይለቃል። ኦቭኑ 160 ዲግሪ ላይ ቢሆንም ውኃው ከሚፈላበት በላይ ሊግል አይችልም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ሲደርስ ሐረር ሳይወጣ የቀረበትን ዳገት እርስዎ ነዎት በልጅነቴ ያስረዱኝ፤ ያው ዳገት በዚህ ምግብም ይታያል። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1200 ሜትር ስለሆነ ውኃ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እኛ ዘንድ ወደ 1900 ሜትር ስለሚጠጋ በ94 ገደማ ነው። እኔ ዘንድ 45 ደቂቃ የሚፈጀው እርስዎ ዘንድ በ35 ወይም በ40 ደቂቃ እንደሚደርስ በእርስዎ ኦቭን ስሞክረው አይቻለሁ፤ የኦቭኑ ማነስም ሳይረዳው አልቀረም።

ሩዙ ወደ ታች መዝቀጡ አይቀርም። ከገባ ከሩብ ሰዓት በኋላ ኦቭኑን ከፍተው በሻይ ማንኪያ አንድ ጊዜ ብቻ ከታች ወደ ላይ ያማስሉት፤ ያን ጊዜ መርጋት ጀምሮ ፍሬውን ስለሚሸከመው ተመልሶ አይዘቅጥም። ከዚያ በኋላ አይንኩት። መድረሱን የሚያውቁት በሰዓት ሳይሆን በዓይን ነው፦ ትሪውን በቀስታ ሲነቀንቁት ዳሩ ጸጥ ብሎ መሐሉ የአንድ ብር ሳንቲም ያህል ስፋት እንደ እርጎ ከተንቀጠቀጠ ጊዜው ነው። «ገና ነው» ብለው እንዳይጨምሩበት፤ መሐሉ ከወጣ በኋላ በራሱ ሙቀት ይረጋል። ቆዳው እንዲቀላ የኦቭኑን የላይ እሳት ብቻ ለአምስት ደቂቃ ያብሩትና አጠገቡ ይቁሙ። ጣባው በውኃው ውስጥ እንዳለ ያውጡት፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይረፍ፣ ከዚያ ቀረፋውን ይነስንሱ።

እኔ መጀመሪያ የሠራሁ ጊዜ ከሥራ ደክሜ ስለገባሁ ውኃውን ትቼ እሳቱን 200 ላይ አደረግሁት። በሃያ ደቂቃ ላዩ ሲጠቁር ደስ ብሎኝ አወጣሁት፤ ማንኪያ ሳስገባ ግን ውስጡ እንደ ስፖንጅ ተቦርቡሯል፣ ከሥሩም አረንጓዴ መሳይ ውኃ ቋጥሯል። ልጆቹ ስለሚወዱኝ በሉት፤ እኔ ግን በዚያ ሌሊት እማዬ ሁልጊዜ ከትሪው በታች ሌላ ሰፊ ትሪ የምታኖረው ለምን እንደነበር ገባኝ። ኦቭኑ እንዳይቆሽሽ ይመስለኝ ነበር።

መብራት ቢጠፋ ሥራው አይቁም። ድስት ውስጥ ጨርቅ አጥፈው ያንጥፉ፣ ጣባውን በላዩ ያኑሩ፣ ውኃ እስከ ግማሹ ይጨምሩ፣ የጣባውን አፍ በትንሽ ሳህን፣ ድስቱንም በክዳኑ ይክደኑት፤ በቡታጋዝ ለስላሳ እሳት ላይ 25 ደቂቃ ያህል ውኃው ሳይንተከተክ ይቆይ። ላዩ አይቀላም፤ ውስጡ ግን ከኦቭኑም ይልቅ ይለሰልሳል። እንደ ዳቦ ከላይ እሳት ከታች እሳት አድርጎ በክዳኑ ላይ ፍም መጫን ያቀላዋል፤ ይህን ግን ሰው ሳይኖር ብቻዎን እንዳይሞክሩት እለምንዎታለሁ።

አሁን በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕም ዓርብም ወተትና እንቁላል አይከለከሉም። ሰኔ 2 ቀን የሐዋርያት ጾም ሲገባ እርስዎ አንድ ቀን እንደማይገድፉ ስለማውቅ ለጾሙ የሚሆነውንም ሞክሬዋለሁ። የባቢሌ ኦቾሎኒ ቆልቼ፣ ገለባውን ገፍፌ፣ አልሜ ፈጭቼ በውኃ በጥብጬ አጠልለዋለሁ፤ በእንቁላሉ ፋንታ አንድ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች እና ግማሽ የበሰለ ሙዝ ይገባበታል። ስታርቹ የሚያስረው ሲፈላ ስለሆነ ድብልቁ ከሩዙ ጋር እሳት ላይ ፈልቶ እስኪወፍር ድረስ ይማሰል፤ ከዚያ ጣባ ገብቶ ላዩ እስኪቀላ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል፤ የውኃው ትሪም አያስፈልገውም። መልኩ ጠቆር ይላል፤ ጣዕሙ ግን የራሱ ነው፣ ከወተቱ ጋር ባያስተያዩት ይሻላል።

ከደብዳቤው ጋር ሁለት የክትፎ ጣባ የሚያህሉ የሸክላ ጣባዎች ልኬልዎታለሁ። ሁለቱንም አሟሽቻቸዋለሁ፣ ስለዚህ የአፈር ሽታ የላቸውም። ከማቀዝቀዣ የወጣ ጣባ በሞቀ ውኃ ላይ አያስቀምጡ፣ ሸክላው ይሰነጠቃል። ሁለት የላክሁት አንዱ ሲታጠብ አንዱ እንዲኖርዎት እንጂ በአንድ ምሽት ሁለት እንዲሠሩ አይደለም። አንዱ ጣባ አንድ እንቁላልና ያን ያህል ወተት ስላለው ከሩዙ ጋር 12 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጥዎታል፤ ለሐኪሙም ይንገሩት፣ ደስ ይለዋል። ዙሪያውን የቀላውን ቆዳ ደግሞ ማንም አይሻማዎትም፤ በማንኪያዎ ጠርዝ ከሸክላው ላይ ፍቀው ይጨርሱት።

ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ያን ጊዜ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቅዎ ትሪውን ሲነቀንቁት መሐሉ ምን ያህል እንደተንቀጠቀጠ ነው፤ ስለዚህ ሲያወጡት ልብ ብለው ይዩልኝ።

አክባሪ ልጅዎ