የአማርኛ ቋንቋ ክበብ፦ ከመንፈቅ እስከ መናፍቅ

ክበባችን ዘንድሮ ያነሣው የተከፋፈሉ ሰዎች የሚጠሩባቸውን ቃላት ነው፤ ጎራ፣ ወገን፣ ኑፋቄ። «ለተማሪ ይህ ምን ይሠራለታል?» ያሉን አልጠፉም። «መናፍቅ»ን ተማሪው ከእኛ በፊት ያውቀዋል፤ ያውም በስድብነት። እኛ ያሳየነው ምንጩን ነው።

ምርጫው፣ የሥራ ክፍፍሉ፣ የግድግዳ ጋዜጣው እንደ ወትሮው ተከናውኗል። የክርክር ውድድሩ አዳራሹ ለሌላ ዝግጅት ስለተሰጠ ቀርቷል።

የዓመቱ ዋና ሥራ ወደ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የተደረገው ጉብኝት ነበር። የተፈለገው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት ነው፤ መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩት፣ እሳቸው ዕድሜያቸውን የሰጡት፣ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት። አባላቱ «መናፍቅ»ን ከ«መ» ሥር መፈለግ ጀመሩ። መጽሐፉ ግን የሚሄደው በሥርወ ቃል ስለሆነ መነሻዋን «መ» አንሥቶ ወደ ሥሩ፣ ወደ ነ፣ ፈ፣ ቀ መድረስ ያስፈልጋል። ፊደሉም የተደረደረው በአበገደ፣ ከ«አ» በሚጀምረው የፊደል ተራ ነው፤ በሀለሐመ የለመደ ልጅ «ነ»ን ከ«ተ» በኋላ ሲፈልግ እሷ ከ«መ» ቀጥላ ተቀምጣለች። መነሻ መ ሁሉ ደግሞ አይነሣም፤ «ምክር» ላይ «ም»ን የቆረጠው ቡድን እጁ ላይ የቀረው ክር ነው!

ነፈቀ በግእዝ ከፈለ፣ ለየ ማለት ነው። መንፈቅ ግማሽ ነው፤ መንፈቀ ሌሊት የሌሊቱ እኩሌታ። ናፈቀ ተጠራጠረ፣ ልቡ ለሁለት ተከፈለ፤ መናፍቅም ተጠራጣሪው፣ ከማኅበሩ የተለየው። ልጆቹ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ የሚፈተኑበት «መንፈቅ ዓመት» ለካ የመናፍቅ ዘመድ ኖሯል። ሙስሊም አባላት በቁርኣን ያለውን «ሙናፊቅ» (አስመሳይ) አመጡ። የዐረብ የቋንቋ ሊቃውንት ሁለት መውጫ ካለው የበረሃ አይጥ ጉድጓድ ስም ጋር ያያይዙታል፤ እንደ ጀርመናዊው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ኖልደከ ያሉት ደግሞ ዐረብኛ ከግእዝ ወስዶታል ይላሉ። ሁለቱም ሐሳብ በመዝገባችን ሰፍሯል።

«የአማርኛው ናፍቆትስ?» አለች ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ወንበር ቃል ያልወጣት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ። መልሱንም ራሷ ሰጠች፦ «የናፈቀው ሰው ግማሹ እዚያ ነዋ!» ይህ የእሷ ግምት እንጂ የመዝገበ ቃላት ፍቺ አይደለም፤ ለአባላቱም እንዲሁ ተነግሯቸዋል። በግድግዳ ጋዜጣው ግን በስሟ ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ የክበቡ ጸሐፊ እሷ ናት።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የተሰብሳቢው ቁጥር ቀንሷል። አንዱ ምክንያት ፈተና ነው፤ ሌላው መጽሐፍ ማጣት። በቤተ መጻሕፍታችን የዚህ መዝገበ ቃላት አንድ ቅጂ እንኳ የለም፤ የምንሠራው በደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ስለሆነ «ጠ»ና «ጸ»፣ «ነ»ና «ኀ» እየተምታቱ ልጆቹ የተሳሳተ ሥር ያወጣሉ። የስፖርት ክበቡ ማልያ በየዓመቱ ይቀየራል፤ ደስ ይለናል። የወላጅ መምህር ኅብረት ለእኛም አንድ ቅጂና ቁልፍ ያለው መደርደሪያ ቢፈቅድልን ለመስከረም ይደርስልናል።