ለቅያሳችን ሰዎች፣ ጃኬቱን ለተወልኝም ልጅ

ውድ ጎረቤቶቼ፣

አንገቴ አሁን ደህና ይዞራል። ስፌቱም ተፈትቶልኛል። በየቤታችሁ እየዞርኩ ማመስገን ጀምሬ ነበር፤ ግን ሁላችሁንም አልደረስኩም። ጭራሽ ማን እንደሆናችሁ የማላውቃችሁም አላችሁ። ስለዚህ ምስጋናዬን በጽሑፍ ላድርስ።

ላልሰማችሁ፣ ነገሩ የሆነው በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት ነው። ለኪዳን ብዬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከቤት ወጣሁ። ጭጋግ ነበር፣ ያካፋል። ወደ ጊዮርጊስ የምንወጣባትን ጠባብ ቅያስ ታውቋታላችሁ፤ ከራስ መኮንን ድልድይ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረውን ባዶ ቦታ ታክካ የምታልፈውን። እዚያ ስደርስ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። አስቀዳሽ መስሎኝ መንገድ ልለቅለት ጠጋ አልኩ። ማጅራቴን ያሉኝ ያን ጊዜ ነው።

በጋዜጣ የተጠቀለለ ፌሮ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። ቦርሳዬን ሲጎትቱት ማንገቻው አልበጠስ አለ። ከቦርሳው ጋር እኔም ኮብልስቶኑ ላይ ተጎተትኩ። ነጠላዬ አፌ ውስጥ ገብቶ ነበር። እንደምንም አወጣሁትና እሪ አልኩ።

ከእኛ ብዙ ሳይርቅ እሪ በከንቱ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ የወጣለት ድሮ እዚያ ሌባ የያዘው ሰው እሪ ቢል የሚደርስለት ስላልነበረ ነው ይባላል። መሬት ላይ ሆኜ ይህን አስቤ ነበር ብል ውሸት ነው። በኋላ አልጋ ላይ ሆኜ ግን ስንት ጊዜ አሰብኩት መሰላችሁ። የእኔ እሪታ ደራሽ አግኝቷልና።

መጀመሪያ የተከፈተው የዳቦ ቤቱ በር ነው። ሁለቱ ልጆች ሊጡ እጃቸው ላይ እንዳለ ሮጠው መጡ። ጋሽዬ ዘበኛችን ዱላቸውን ይዘው ከላይ ወረዱ። ከዚያ የግቢው በር ሁሉ አንድ በአንድ ተከፈተ። እትዬ፣ እርስዎ በሌሊት ልብስዎ፣ በባዶ እግርዎ ወጥተው ጭንቅላቴን ጭንዎ ላይ አደረጉ። «ልጄ፣ እንዳትተኚ፣ አውሪኝ» አሉኝ። ምን ላውራ ብልዎት «የክርስትና ስምሽን ንገሪኝ» አሉ። ነገርኩዎት። እሱን እየደጋገሙ ጠሩኝ። እስከ ዛሬ ያ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ አንድ ልጅ ጃኬቱን አውልቆ አለበሰኝ። ፊቱን አላየሁትም። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ለሚኒባሱ ሹፌርና ለረዳቱ፦ የጠዋት ተሳፋሪያችሁን ትታችሁ ሆስፒታል አደረሳችሁኝ። ታናሽ እህቴ ሒሳብ ልትከፍል ስትል «እንዴት እንዲህ ትያለሽ» ብላችሁ ተቆጣችኋት። እግዜር ይስጥልኝ።

አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ ላመሰግንበት የምፈልገው ነገር አለ። ከመቱኝ ሁለት ሌቦች አንዱ አምልጧል። አንዱን ግን ይዛችሁት ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ሲያስገቡኝ በመስኮት አየሁት። ከ17 ዓመት የሚበልጥ አይመስልም። አንድ ጫማው ወልቆ፣ እግሩን እጥፍ አድርጎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሰዉ ከቦታል፣ ድንጋይ ያነሳም ነበር። የእድራችን ሰብሳቢ ጋቢያቸውን አወለቁና ልጁ ላይ ጣሉበት። ከዚያ ፊቱ ቆሙ። «የሚመታው ካለ በእኔ ይጀምር» አሉ። ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አላሉም።

ጋሼ፣ በዚያች ደቂቃ እኔ ራሴ ይመታ ያልኩ ይመስለኛል። ንዴቴ ዛሬም አልበረደም። ግን በእኔ ሰበብ የሰው ልጅ እዚያ ቢሞት ኖሮ ያቺን ቅያስ ዳግም አልረግጣትም ነበር። 991 ተደውሎ ፖሊስ ወሰደው። ሕጉ እንደሚለው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ቀረበ። የቀረውን ፍርድ ቤት ያውቃል።

ቃሌን የተቀበለችኝን መርማሪም አመሰግናለሁ። አልጋዬ ድረስ መጥታ በትዕግስት ሰማችኝ። ከዚህ በፊት ስልኬን ሁለት ጊዜ ተነጥቄ አላመለከትኩም። «ምን ይመጣል» ብዬ ነው፤ እናንተም ብዙዎቻችሁ እንደዚያው ናችሁ። እሷ ያለችኝ እንዲህ ነው፦ ያልተመዘገበ ወንጀል ጣቢያው ዘንድ የለም። በወረቀት ሲታይ የእናንተ ቅያስ ሰላም ነው፤ ሮንዱም ወደ ተመዘገበበት ይሄዳል። ሰፈራችን በቁጥር ደህና የሚመስለው ዝም ስላልን ነው ማለት ነው። ይህ በጣም ከነከነኝ። እባካችሁ የተነጠቃችሁ አመልክቱ። ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ *#06# ደውሉና የሚመጣውን ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉት፤ ስልካችሁ ቢጠፋ ያ ቁጥር ያስፈልጋችኋል። በሞተር እየመጡ የሚነጥቁትን ታስታውሳላችሁ። ያ ነጠቃ ብዙ ሰው አቤት ያለበት ነገር ነበርና በ2011 ከተማው የሞተር እንቅስቃሴን ሲገድብ እንደ ምክንያት ተነስቷል።

በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ስንት ጎረቤት ዳር ዳር ወዳሉት ኮንዶሚኒየሞች ሄደ። ዋናው መንገድ አምሮበታል፣ ሌሊቱም ቀን መስሏል፤ እሰየው ነው። ውስጥ ለውስጥ ግን ጨለማ ነው። ማታ ደጅ ተቀምጦ የሚያወራ፣ መጪ ሂያጁን የሚያይ ሰው ቀንሷል። መታጠፊያው ላይ ያለው ፖል ከክረምቱ በፊት ጀምሮ አይበራም። አመልክተን «እንመጣለን» ተብለናል።

እናንተ ግን አልጠበቃችሁም። እኔ ሆስፒታል ሳለሁ እድራችን ተሰብስቦ እያንዳንዱ ደጅ አምፖል እንዲሰቀል ወሰናችሁ። ትናንት ማታ በመስኮቴ ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ ናቸው። ከዘጠኙ አንዱ የሚበራው አንድ ክፍል ተከራይተው ከሚኖሩት እናት ቆጣሪ ነው። እማማ፣ የእርስዎን ወጪ ከዚህ ወር ጀምሮ እኔ እችላለሁ፤ እንቢ እንዳይሉኝ። አጥሚት ላመጣችሁልኝ፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት ላደረሳችሁልኝም ብድራችሁን ይክፈላችሁ።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ ጃኬት ያለበስከኝ ልጅ። ጥቁር ነው፣ ኮፍያ አለው። በቀዝቃዛ ውሃ ሳሸው ደሙ ለቀቀ። የተበላሸውን ዚፕ አስቀይሬልሃለሁ። ግራ ኪሱ ውስጥ በቀይ ክር የታሰረ ቁልፍ አግኝቻለሁ። ያን ቀን እንዴት ቤትህ ገባህ? ይህ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ጃኬቱንም ቁልፉንም ዳቦ ቤት አስቀምጫለሁ። ልጆቹ ያውቃሉ፤ የክሩን ነገር ብቻ ንገራቸው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና አፈላለሁ፣ እባክህ ና።