ኪኒኑን ያልላክሁልሽ

እቴ ጥሩዬ፣ እንደምን ከረማችሁ? እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራውም ደህና ነው፣ ብርዱ ብቻ። ሰላምታውን ለሁሉም አድርሽልኝና ወደ ነገሬ ልግባ።

ኔትወርኩ ሲመለስ ሦስቱም የድምፅ መልእክትሽ ባንድ ቀን ገቡልኝ። ሌሊት ሌሊት እየተቃጠልሁ ነው፣ የጎረቤታችን ልጅ ለእናቷ የላከችውን የሆርሞን ኪኒን ላኪልኝ ብለሻል። ዝም ያልሁት ጨክኜ አይደለም። ገንዘብ ልኬያለሁ፣ 20 ሺህ ብር ሙሽራው ይበልጣል ጋ ገብቷል። ግማሹ ለሠርጉ፣ ግማሹ ላንቺ ሐኪም ነው። ለድንኳን ኪራይ እንዳታደርጊው፣ አውቅሻለሁ!

ስሚኝማ። የወር አበባ ሲቆም ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ ወበቁም እንቅልፍ ማጣቱም ከዚያ ነው። መድኃኒቱ የጎደለውን ይተካል። ግን ማህፀን ላላት ሴት ኢስትሮጅን ብቻውን ከተሰጣት ለማህፀን ካንሰር ያጋልጣታል፣ ስለዚህ ፕሮጀስትሮን የሚባል ሌላ ሆርሞን አብሮ ይታዘዝላታል። የጎረቤታችን ማህፀን በኦፕራሲዮን ወጥቷል፤ የሷ ኪኒን ላንቺ እንዴት ይሆናል?

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። በሁለተኛው መልእክት፣ ስለ ሠርጉ ጌሾ እያወራሽ፣ እንደ ዋዛ «ባለፈው ትንሽ ደም አይቼ ነበር» ብለሽ አለፍሽው። እቴ፣ ከቆመ ሁለት ዓመትሽ እኮ ነው! ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ሆኖ ይገኛል፣ ግን ሳይታይ ሆርሞን አይጀመርም። መንገዱ ሰላም የሆነ ቀን ከደምበጫ ደብረ ማርቆስ ውረጂና የማህፀን ሐኪም ይይሽ። አክስታችን በጡት ካንሰር መሞቷንም ንገሪ፣ ያስታመምሻት አንቺው ነሽ። ደም መርጋት፣ ስትሮክ፣ የጉበት ሕመም ነበረብሽ ወይ ቢሉሽ አትደብቂ።

እኔ ግን ደብቄሻለሁ። ራሴ ሆርሞኑን ከጀመርሁ ዓመት አልፎኛል። ታፋዬ ላይ የምትለጠፍ ስስ ነገር ናት፣ በሳምንት ሁለቴ እቀይራታለሁ፣ ማታ ደግሞ ፕሮጀስትሮኑን እውጣለሁ። የሚለጠፈው ከሚዋጠው ይልቅ ለደም መርጋት ስጋቱ ያነሰ ነው ስላሉኝ ነው። በፊት ሥራ ቦታ የማስታምማቸውን አሮጊቶች ሳገላብጥ ላቤ አንሶላቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። አፍሬ ነው ያልነገርሁሽ። ለናንተ አሁንም ያቺ በ32 ዓመቷ የወጣችው ነኝ፤ 50 ሞላኝ ማለት ከበደኝ።

እምዬ ትዝ ትልሻለች? በሐምሌ ዝናብ፣ በእኩለ ሌሊት፣ ነጠላዋን ጥላ ደጁ ላይ ትቀመጥ ነበር። እኛ ለአባባ የምታለቅስ መስሎን ብርድ ልብስ ይዘን እንወጣና እናለብሳታለን። እሷ ደግሞ ሳትናገር ዝም ብላ ትለብስልን ነበር። አሁን አንጓዋ የተሰበረው ጭቃው ስላንሸራተታት ብቻ አይመስለኝም፣ ሆርሞኑ ሲቀር አጥንትም ይሳሳል። ጄሶው ተፈታላት? እጇን ታንቀሳቅሳለች?

ይበልጣል ሲዳር አለመኖሬን እንዳታነሺብኝ። ፈቃድ አልሰጡኝም፣ መንገዱም እንደምታውቂው ነው፣ ቲኬቱም… ሰበብ አበዛሁ። ሙሽራዋ ስትገባ እምዬ ጉልበቷን ስታስም ቅረጪልኝ። ጭፈራውን ተይው፣ እሱን ብቻ።

የደሙን ነገር ለእምዬ አትንገሪያት። ከሐኪም ስትወጪ ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ እዚህ ሌሊት ቢሆንም ስልኬን አልዘጋም።

እህትሽ