ልጄን ማቀፍ ላስተማራችሁኝ

ይህን ምስጋና ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት። ስም እየጠራሁ ላመስግን ስል የማላውቀው ስም ይበዛብኛል። ሌሊት ገብታ ብርድ ልብሱን የምታለብስልኝን ሴት ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። ደም የሰጡለትንማ መቼም አላውቃቸውም። ስለዚህ የሠራችሁትን ልናገር፤ ራሳችሁን ታውቁታላችሁ።

ልጄ ሲያለቅስ ከንፈሩ ይጠቁር ነበር። መጀመሪያ ያሳየንበት ቦታ "ብርድ ነው፣ ይተወዋል" ብለው ሸኙን። አመንናቸው። መራመድ ሲጀምር ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ትንሽ ይሮጥና ቁጢጥ ይላል። ጉልበቱን ደረቱ ላይ አጥፎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ዝም። እኔ ጨዋታ መስሎኝ እየሳቅኩ አብሬው ቁጢጥ እል ነበር። አሁንም ሳስበው ሆዴ ይላወሳል።

ዶክተር፣ አንቺ ዘንድ የመጣነው ለሌላ ጉዳይ ነበር። በሩ ላይ ቁጢጥ ሲል አይተሽ አላለፍሽም። ጥፍሮቹን አየሽ፣ ደረቱን አዳመጥሽ፣ በዚያው ቀን ኢኮ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ እንዲታይ አደረግሽ። ከዚያ ወረቀት ገልብጠሽ ልብ ሳልሽልኝ። በታችኞቹ ሁለት ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለ። ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ ጠቧል። ደም ወደ ሰውነት የሚያወጣው ትልቁ ቧንቧ ቀዳዳው ላይ ተቀምጧል። የቀኙ ክፍል በጠባቡ መንገድ ሲገፋ ጡንቻው ወፍሯል። አራቱ አንድ ላይ ሲመጡ ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎት ይባላል አልሽኝ። "አንቺ በሠራሽው ጥፋት የመጣ አይደለም" ያልሽው ግን ከሁሉም በላይ አሳረፈኝ። ያን ወረቀት እስከ ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ።

ሲስተር፣ አንቺን እንዴት ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም። ቀዶ ጥገናውን ስንጠብቅ ትራስ አስይዘሽ አለማመድሽኝ። "ድንገት ከጠቆረ ይዘሽው አትሩጪ። ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፈሽ እቀፊው፣ አረጋጊው፣ ሰው ጥሪ።" እግሩ ሲታጠፍ ደም ወደ እግሩ መውረድ ይከብደዋል፣ ወደ ሳንባው የሚሄደው ይጨምራል ብለሽ አስረዳሽኝ። ለካ ልጄ ማንም ሳያስተምረው ቁጢጥ እያለ ራሱን ሲያክም ኖሯል! አንድ ሌሊት ያ የፈራነው መጣ። ጠቆረ፣ ትንፋሹ ተቆራረጠ። ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ። እጄ ግን ትራሱን አስታወሰ። አጥፌ አቀፍኩት፤ ባለቤቴ እየጮኸ እርዳታ ጠራ። ከንፈሩ ቀስ እያለ ተመለሰ። ያን ሌሊት ልጄ በአንቺ ትምህርት ነው የተረፈልኝ።

የቀዶ ጥገናው ቀን ብዙ አልጽፍም፤ ሰዓቱ አይሄድም ነበር፣ ሄደ። ልቡን አቁመው ሲጠግኑ ደሙን እያዞረ የሚያቆየው ማሽን ነው። ማሽኑ አጠገብ ቆሞ የነበረውን ባለሙያ አላየሁትም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኋላ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1954 ዶክተር ሊልሃይ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ እነዚህን ልቦች ከፍተው ሲጠግኑ፣ በማሽን ፈንታ ሌላ ሰው ከልጁ አጠገብ ተኝቶ ቧንቧዎቻቸው ይገናኙ ነበር። ልጁ በዚያ ሰው ልብና ሳንባ ይቆያል። ብዙ ጊዜ የሚተኛው ወላጁ ነበር። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ኮሪደሩ ላይ እጄን አጣጥፌ ስቀመጥ የተመኘሁት ያንኑ ነበርና።

ኮሪደር ላይ ላገኘሁሽ እናት። ልጅሽ ከኔ ልጅ በአንድ ሳምንት ቀድማ ነበር ቀዶ ጥገናውን ያደረገችው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ልገባ ስል ክንዴን ይዘሽ "ቱቦውን አትቁጠሪ፤ እግሩን ያዢ" አልሽኝ። እንዳልሽኝ አደረግኩ። እግሩ ይሞቅ ነበር። ከዚያ ጥፍሩን አየሁ። ቀልቷል። ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጥፍር አይቼበት አላውቅም። ጣቱ ላይ ያሰሩለት የደም ኦክስጅን መለኪያ 98 ይላል፤ ከዚያ በፊት 80 ሲደርስልን እንደሰት ነበር።

ቤት ስንገባ ደግሞ ማቀፍን እንደገና ተማርኩ። የደረቱ አጥንት እስኪገጥም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ብብቱን ይዞ ማንሳት የለም። አንድ እጅ ከመቀመጫው ሥር፣ አንዱ ከጀርባው። ትልቋ ልጄ፣ የኔ እመቤት፣ በር ላይ ቆመሽ ለገባው እንግዳ ሁሉ አያያዙን ታሳዪ ነበር። እነዚያን ሳምንታት ያለ እናት ከረምሽ፤ አንድም ቀን አልከፋኝም አላልሽኝም፣ እኔ ግን ትራስሽ እርጥብ እንደነበር አውቃለሁ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ፣ ሥራዬን ተከፋፍላችሁ ሠርታችሁ አንድም ቀን አላነሳችሁብኝም። እድሜ ይስጣችሁ።

ቀጠሮው አላለቀም። እንዲህ የተጠገነ ልብ እድሜ ልክ ክትትል ይፈልጋል፤ እንመላለሳለን።

ሲስተር፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት ደጅ ላይ ሲሮጥ ቆየና ድንገት ቁጢጥ አለ። እኔ ጫማዬን ሳላደርግ በረርኩ። ከንፈሩን አየሁ፣ ጥፍሩን አየሁ፤ ሁለቱም ቀይ ናቸው። ልጄ መሬት መሬት ያያል። "እማ፣ ቀስ በይ፣ ጉንዳን አለ" አለኝ። አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ አብሬው አየሁ።